ሻሜና ይቅርታ ያልጠየቃት ጌታዋ

ተረት ተረት!

— ንገሪን በእውነት!

አልሰማኋችሁም። ተረት ተረት!

— ንገሪን በእውነት!

እህ፣ እንዲያ ነው እንጂ። ጠጋ ጠጋ በሉ፤ እሳቱን ግን አትጋርዱብኝ። የዛሬው የጦጣና የቀበሮ ጨዋታ አይደለም። የዛሬው ያናድዳል። ስነግራችሁ ድምፄ ከፍ ቢል በእናንተ ተቆጥቼ እንዳይመስላችሁ።

በድሮ ዘመን፣ ክርስትና ወደ አገሩ ገና በገባበት፣ ቤተ ክርስቲያኑም የሣር ክዳን በነበረበት ዘመን፣ ሰርፀ የሚባል ባላባት ነበረ። «ነበሩ» በይ እንዳትሉኝ። አልልም። ነበረ። መሬቱ ሰፊ፣ ከብቱ ብዙ ነበረ። ስድስት ባሪያዎችም ነበሩት። ከስድስቱ አንዷ ሻሜ ናት።

ሻሜ እናቷ ያወጣችላት ስም ነው። ልጅ ሳለች፣ ከወንዝ ማዶ ባለው አገሯ፣ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። ባሪያ ፈንጋዮች አድፍጠው ነበርና አፏን አፍነው ወሰዷት። እንስራዋ እዚያው ተሰብሮ ቀረ። ከዚያም ሰርፀ ቤት ገባች። ስምሽ ማን ነው ያላት ሰው የለም። ሰርፀ «እሺበይ» ብሎ ስም አወጣላት። አያችሁልኝ ተንኮሉን? ሲጠራት ያዛታል፤ ሲያዛት ይጠራታል።

ሻሜ ሃያ ዓመት ፈጨች። ጎሕ ሲቀድ ወፍጮ ቤት ትገባለች፤ ከብት ሲገባ ትወጣለች። ጉልበቷ መሬት ላይ፣ ሁለት እጇ መጁ ላይ። ጤፍ ፈጨች። ስንዴ ፈጨች። ለሰርፀ ድግስ ፈጨች፤ ለሰርፀ ሙታን ተዝካር ፈጨች፤ ሰርፀ በስሙ ለቤተ ክርስቲያን ሰንበቴ ለሚያወጣውም ዳቦ ፈጨች። ምርቃቱ ለሰርፀ ነው። ወገብ መቁረጡ ለሷ ነው።

አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ዙሪያሽ ትባላለች። አባቷ የሰርፀን ከብት የሚጠብቅ ባሪያ ነበርና ልጅቱ ሳትወለድ በወባ ሞተ። ዙሪያሽ አሥር ዓመት ሆናት። እናቷ ስትፈጭ ከጎኗ ተቀምጣ እህል ትለቅማለች፤ ታወራለች፤ ትስቃለች። ሻሜ ልጅቱ ስትስቅ ብቻ ነበር መጁ የሚቀልላት።

ከዚያም የሰርፀ ልጅ ትርንጎ ተዳረች። የሰርጉ ዕለት ጠዋት የሰርፀ ሚስት እመት ውብዳር ዙሪያሽን ጠራቻት። ገላዋን አጠበቻት። ፀጉሯን በገዛ እጇ ሠራቻት። አዲስ ቀሚስ አለበሰቻት። ሻሜ ከወፍጮ ቤት አይታ ደስ አላት። «ዛሬስ እመቤቴ ልጄን ወደደቻት» አለች። ምስኪን! እንዴት ታውቅ?

እኩለ ቀን ላይ ሰርፀ ዳሱ ውስጥ ተነሥቶ ለሙሽሮቹ የሚሰጠውን ቆጠረ። በቅሎ ሰጠ። አሥር ላም ሰጠ። ከዚያም ዙሪያሽን በእጇ ይዞ አወጣና፦

— ይህችን ዙሪያሽንም ለልጄ እንድትታዘዛት ሰጥቻለሁ! አለ።

ሰዉ እልል አለ። ትሰማላችሁ? እልል አለ!

ሻሜ እልልታውን ሰማች፤ የልጇንም ስም ሰማች። ክንዷ ድረስ ዱቄት እንደ ሆነ ሮጣ ወጣች። የሙሽራዋን በቅሎ ልጓም ይዛ አለቅም አለች። ጎረምሶቹ ጎትተው ጣሏት። በጉልበቷ ሄዳ የሰርፀን እግር ሳመች።

— ጌታዬ፣ እኔን ይስጡ። እሷን ይተዉልኝ።

— አንቺማ ለወፍጮው ታስፈልጊኛለሽ፣ አለ ሰርፀ። ምን ያስለቅስሻል? ገና ትወልጃለሽ።

ገና ትወልጃለሽ አላት። ላም አደረጋት እኮ!

ዙሪያሽም ወደ ኋላዋ እያየች ሄደች። ሻሜ በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ገባችና መጁን አነሣች። ሃያ ዓመት የጎነበሰችበትን ድንጋይ ታቅፋ ወጥታ ገደል ሰደደችው። ድንጋዩ እየተንከባለለ ሲሰበር ቆማ ሰማች። ለዚህ በጅራፍ ገረፏት፤ ቀኑን ሙሉ ግንድ ላይ አስረዋት ዋሉ። በሦስተኛው ቀን እንጨት ልልቀም ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ከመንደሩ በታች ያለውን ጅረት ተሻግራ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደረሰች። በዚያ አገር ደወል ደውሎ የተማፀነን ሰው ከግቢው ማንም አያወጣውም። የድንጋዩን ደወል ክንዷ እስኪዝል ደወለችው።

የሰርፀ ሎሌዎች ተከትለው መጡ። የደብሩ መምህር አባ ገብረ ኄር በሩ ላይ ቆሙና፦

— ደወሉ ተደውሏል፣ አሏቸው።

ሎሌዎቹም ተመለሱ።

ሻሜ እዚያ ሁለት ክረምት ተቀመጠች። ግቢውን ትጠርጋለች፤ ውኃ ትቀዳለች፤ የአባን ትምህርት ትሰማለች። ከዚያም ተጠመቀች። አንድ ሰንበት አባ ገብረ ኄር ከቅዳሴ በኋላ የቀደሙት አባቶች ያቆዩትን ሲያስተምሩ፦ በአንድ ውኃ የተጠመቀ ሁሉ ወንድምና እኅት ነው አሉ። ሻሜ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች።

— አባ፣ ሰርፀም ተጠምቋል?

— ተጠምቋል፣ ልጄ።

— በዚሁ ውኃ?

— በዚሁ ውኃ። እኔው ነኝ ያጠመቅሁት።

— እንግዲያው ወንድሜ ነው?

— ወንድምሽ ነው።

— እኅቱን ነዋ የገረፈው? የእኅቱን ልጅ ነዋ ለሰርግ የሰጠው?

አባ ትምህርቱን አቋርጠው ሰዉን አሰናበቱ። ሰርፀ ከወንዶቹ በኩል ቆሞ ነበርና ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ።

አባ ገብረ ኄር ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ፈሪ ነበሩ። ጾሙ ሲገባ ሻሜን አስጠሯትና፦

— ልጄ፣ ከሰርፀ ጋር ታረቂ፣ አሏት። ቂም ይዘሽ ወደ ቁርባን አትቅረቢ። ይቅር በዪው።

— ይቅር በለኝ ብሏል?

— አላለም። አንቺ ቅደሚ። ትሕትና ነው። የእኔም ስም እኮ ባሪያ ማለት ነው፤ ገብረ ኄር፣ የቸሩ ባሪያ።

— የእርስዎ ጌታ ቸር ነው አሉ፤ የኔ ጌታ ሰርፀ ነው። እርስዎ ወደው ነው ባሪያ የሆኑት። እኔን አፌን አፍነው ነው።

— ልጄ...

— አባ፣ ይቅር በዪ የሚሉኝ ዝም በዪ ማለትዎ ከሆነ፣ ዝም ማለቱን ከሰርፀ ቤት ተምሬዋለሁ። ለሱ ቤተ ክርስቲያን መምጣት አያስፈልገኝም ነበር። ደግሞስ እርስዎ በሰንበቴው የሚባርኩትን ዳቦ ማን የፈጨው ይመስልዎታል? ሁለት ዓመት ሰርፀን ሲያቆርቡት አይቻለሁ። ስለ ዙሪያሽ አንድ ቀን ጠይቀውታል?

አባም ሽማግሌዎች ይዩት ብለው ለሰንበት ቀጠሩ።

ሰንበት ሆነና ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሰርፀ ጋቢውን ደርቦ ከመሐላቸው ተቀመጠ። በአገሩ ሥርዓት የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ማረኝ ይላል። አንዱ ሽማግሌ ድንጋይ አመጣ። ማን ማጅራት ላይ እንዳስቀመጠው ልንገራችሁ?

ሻሜ ማጅራት ላይ አስቀመጠው!

— መጅ ሰብረሻል፣ አላት። ከጌታሽም ቤት ኮብልለሻል። በዪ «ይማሩኝ» በዪ፤ እሳቸውም ይቅር ለእግዚአብሔር ይሉሻል።

ሻሜ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ሆኖ ተሰማት። ግን ጅራፉ እንኳ እንዲህ አላቃጠላትም። ቀስ ብላ ቀና አለች። ድንጋዩን ከማጅራቷ አወረደችና ሰርፀ እግር ሥር አስቀመጠችው።

— ይህ የአንተ ነው፣ አለችው።

«አንተ» አለችው! ሃያ ዓመት «እርስዎ» ያለችውን ሰው! ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ያዙ። ሰርፀ ብድግ አለ።

— ባሪያዬ አንተ ትበለኝ? ለዚች ነው ድንጋይ የምሸከመው?

ያን ጊዜ አባ ገብረ ኄር ተነሡ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። እንዲህም አሉ፦

— ሰርፀ፣ ጥፋቱ የኔም ነው። ያንተን ዳቦ በልቼ ዝም ብያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን እኅትህን እስክትታረቅ ድረስ አላቆርብህም። ከቤተ መቅደሱ ደጅ ትቆማለህ።

— ለባሪያ ብለው?

— ለእኅትህ ብዬ።

ሰርፀ ድንጋዩን ረግጦት ሄደ።

ከዚያም ፋሲካ መጣ። ጭሰኞቹ ሁሉ ገብተው ሲቆርቡ ባላባቱ ደጅ ቆመ። ሰው ወደ ውስጥ ሲያልፍ እያየው ያልፋል። ፊቱ ቀላ። በሳምንቱ ሚስቱን እመት ውብዳርን ላካት። እሷም አዲስ ቀሚስ ይዛ መጣችና ለሻሜ ዘረጋችላት።

— እኔም እናት ነኝ፣ አለቻት። ተይው ይለፍ፤ ይቅር በይን።

ሻሜ ቀሚሱን አልነካችውም።

— እናት ከሆኑ፣ እመቤቴ፣ ያን ጠዋት ፀጉሯን ሲሠሩ እጅዎ አልተንቀጠቀጠም? ወዴት እንደምትሄድ ያውቁ ነበር። ልጄ ምን አለችዎት? ደስ ብሏት ነበር?

ውብዳር አንገቷን ደፋች።

— «እናቴ ታየኝ» አለችኝ፣ አለች።

ሻሜ በሩን አሳየቻት። ውብዳርም ቀሚሱን ይዛ እያለቀሰች ሄደች። ታልቅስ! እኔ አላዝንላትም።

በበነጋው ሰርፀ ራሱ መጣ። ከግቢው በር ቆመና ጮኸ፦

— እሺበይ!

ሻሜ እየጠረገች ነበር። መጥረጓን ቀጠለች።

— እሺበይ! አንቺ እሺበይ!

ሰው ተሰበሰበ። አባ ገብረ ኄር ወጡ።

— ይህች ሴት ከኔ የምትፈልገው ምንድን ነው? አለ ሰርፀ።

— እሷን ጠይቃት።

— ስጠራት አትሰማም!

— በስሟ ጥራታ።

ሰርፀ አፉን ከፈተ። ሃያ ዓመት ዱቄቷን በልቷል፤ ልጇን ሰጥቷል፤ ስሟን አያውቀውም። ያን ጊዜ አፈረ አልላችሁም። ተናደደ። እፍረቱ በኋላ ነው የመጣው።

— ስምሽ ማን ነው? አላት ጥርሱን ነክሶ።

— ልጄ ትነግርሃለች፣ አለችው። ሂድና አምጣት። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ አላምንህምና።

እነሆ፣ ተነሡ። ሰርፀ በበቅሎ፣ ሻሜ በእግሯ፣ አባ ገብረ ኄርና አንድ ሽማግሌ ምስክር ሆነው ከኋላ። የሁለት ቀን መንገድ ነው። በሁለተኛው ቀን ዳገቱ ላይ ሰርፀ ወደ ኋላው ሲያይ የሻሜ እግር ደምቷል። ከበቅሎዋ ወረደና፦

— በቅሎዋ ላይ ውጪ፣ አላት።

— እግር አለኝ። ዙሪያሽም ይህን ዳገት በእግሯ ነው የወጣችው።

ሰርፀ ዳገቱን ቀና ብሎ አየው። የአሥር ዓመት ልጅ በዚያ ስትወጣ ታየው መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ በቅሎዋን እየሳበ በእግሩ ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ አማቹ መርዕድ ቤት ደረሱ። መርዕድ ከሠራተኞቹና ከጎረቤቱ ጋር ደጅ ተቀምጦ ነበርና አማቱን አይቶ ብድግ አለ። ሰርፀም የመጣበትን ነገረው። መርዕድ ሳቀ።

— አባቴ፣ በሕዝብ ፊት የሰጡኝን ነው የሚመልሱት? ስጦታ ይመለሳል? የሰጡት እርስዎ አይደሉም?

ሰርፀ ላብ በላብ ሆነ። ሻሜ ታየዋለች። የሚቀለውን ይናገራል ብላ ጠበቀች፤ ሌላ ባሪያ እሰጥሃለሁ የሚል መስሏት ጥፍሯን መዳፏ ላይ ተከለች። እሱ ግን ወደ ጎረቤቱ ሁሉ ዞሮ፦

— የኔ ያልሆነውን ነው የሰጠሁት! አለ። ልጄን የዳርሁት በሰረቅሁት ነው። የዚችን ሴት ልጅ ከጉያዋ ሰርቄ ነው! ልጄ ሆይ፣ የሌባን ስጦታ ቤትህ አታቆይ።

ያን ጊዜ ሙሽራዋ የነበረችው ትርንጎ ከውስጥ ሰማች። ባሏን ሳትጠይቅ ወደ ጓሮ ጮኸች፦

— ስጦታ! ነይ!

የዙሪያሽንም ስም ቀይረውት ነበር። ስጦታ አሏት። ልጅቱ መጣች። ቁመቷ አድጓል። እጇ የፈጪ እጅ ሆኗል። ሻሜ ሮጣ ልታቅፋት ስትል ልጅቱ ወደ ኋላ አፈገፈገችና አንገቷን ደፍታ፦

— አቤት እመቤቴ፣ አለቻት።

ለገዛ እናቷ! አቤት እመቤቴ!

ሻሜ እዚያው ቁጭ አለች። ለቅሶም አልመጣላትም። ከዚያም ቀስ ብላ፣ ወፍጮ ቤት ሳሉ ለልጅቱ የምታንጎራጉርላትን የወንዝ ማዶ ዜማ ጀመረች። ልጅቱ ሰማች። ቀና አለች።

— እማ? አለች። እማ ሻሜ?

ሰርፀ ስሟን የሰማው ያን ጊዜ ነው። ከግቢው አጥር ሥር ትልቅ ድንጋይ ነበረ። ማንም ሳያዘው አነሣውና በማጅራቱ ተሸከመ። ጎንበስ አለ።

— ሻሜ፣ በድዬሻለሁ፣ ማሪኝ፣ አላት።

ሽማግሌው ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት ቸኮለና፦

— በዪ እንግዲህ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በዪ፣ አላት።

— አልጨረስሁም፣ አለች ሻሜ። ገና አልጀመርሁም። ምን ይቅር እንደምለው ይስማ። ድንጋዩንም አያውርድ።

ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተናገረች። የተሰበረውን እንስራ ተናገረች። ስሟን ተናገረች። ጅራፉን አንድ በአንድ ተናገረች። በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች የፈጨችበትን ቀን ተናገረች። ገና ትወልጃለሽ ያላትን ስትናገር ድምጿ እስከ ጎረቤት ተሰማ። ፀሐይዋ ከአናት ተነሥታ ወደ ጋራው ዘቀዘቀች። የሰርፀ ላብ መሬት ላይ ተንጠባጠበ። አባ ገብረ ኄርም ከጎኑ ጎንበስ ብለው ቆሙ፤ የርስዎ አይደለም የሚላቸው አልነበረም። ሻሜ ጨረሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ የደከማት መሰላት።

— ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አለች። የኔን ይቅር ብዬሃለሁ። አውርደው።

ሰርፀ ድንጋዩን ጥሎ በግንባሩ ተደፋ። ከዚያም ተነሥቶ፦

— ቤቴ ቤትሽ ነው፤ ከልጅሽ ጋር ነዪ፣ እንደ እኅቴ ተቀመጪ፣ አላት።

— አልመጣም፣ አለች ሻሜ። ይቅር አልሁህ እንጂ እመለሳለሁ አላልሁህም። ከዙሪያሽ ጋር የራሴን ጎጆ እሠራለሁ። ደግሞ ደስ አይበልህ። ቤትህ አምስት ሰዎች አሉ። የነሱን በደል ይቅር ማለት የኔ አይደለም። ሂድና አንድ በአንድ ጠይቃቸው።

ሰርፀም ተመልሶ አምስቱንም ነጻ አወጣ። በየፊታቸውም ተንበረከከ። ሁለቱ ይቅር አሉት። አንደኛው ምንም ሳይናገር ዕቃውን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። አንዲቷ ምራቋን እንትፍ አለችበትና ስታለቅስ ዋለች፤ በዓመቱ ማርሁህ አለችው። አምስተኛው ጎንጤ የሚባል ሽማግሌ እንጨት ፈላጭ ነበር። ጎንጤ ሦስት ልጆቹ ተሰጥተውበታል፤ ሦስቱም የት እንደ ደረሱ አይታወቅም።

— አልምርህም፣ አለው። ልጆቼን አምጣና እምርሃለሁ።

ሰርፀ ፈለገ። አገር ላገር ዞረ። አላገኛቸውም። ወደ አባ ገብረ ኄር መጥቶ፦

— አባ፣ አልምርም አለኝ፣ ምን ላድርግ? አላቸው።

— አትቀየመው፣ አሉት አባ። እሱ እንዲምርህ የማዘዝ ሥልጣን የለህም። እኔም የለኝም። አንተ መፈለግህን ቀጥል።

ሰርፀ እስኪያረጅ ድረስ ክረምት ሲወጣ ይሄዳል፤ ክረምት ሲገባ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሰንበት ሰንበት ጎንጤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፀሐይ እየሞቀ ይቀመጣል። ሰርፀ ፊቱ መጥቶ መሬት እስኪነካ እጅ ይነሣል። ጎንጤ ፊቱን ያዞራል። ሰርፀም ቀና ብሎ ይገባል። እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዲህ ነበሩ። ጎንጤን ግን አንድም ሰው፣ አባም ሻሜም ጭምር፣ «ይቅር በል» አላለውም።

ተረቴ ይኸው ነው። እናንተ ወሰዳችሁት፤ እኔ ጉሮሮዬ ደረቀ። በሉ፣ ተረት ለነገረቻችሁ ትኩስ ዳቦ ቁረሱላት፤ ግን ዱቄቱን ማን እንደ ፈጨው ጠይቃችሁ ቁረሱ።